ዱባ፣ ፖምና ቀረፋ፦ ስለ መኸር ወቅት የቤት መጋገር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሽቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ኦቨን ለመለኮስ ሰበብ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው ተደርድረው እነሆ።

በመኸር ወቅት ምን ልጋግር? ከየትኛውስ ብጀምር ይሻላል?

የወቅቱ ምርት ራሱ ይመራችኋል። ዱባ፣ ፖም፣ ፒር፣ ስኳር ድንች፣ ካሮትና ዋልነት በዚህ ጊዜ ጥሩ ሆነው ይገኛሉ። ከነሱ የሚወጣው ብዙ ነው፦ የዱባ ኬክ፣ የፖም ክራምብል (ላዩ ላይ የቅቤና የዱቄት ፍርፋሪ ተበትኖበት የሚጋገር ፖም)፣ የካሮት ኬክ፣ የቀረፋ ጥቅልል ዳቦ፣ የዝንጅብል ብስኩት፣ ፓይ (በስስ ሊጥ ውስጥ መሙያ ገብቶበት የሚጋገር)።

ለጀማሪ የምመክረው የዱባ ኬክ ወይም የፖም ክራምብል ነው። ሁለቱም ማሽን አይፈልጉም፣ መታሸት የለባቸውም፣ ትንሽ ቢዛነፉም ይበላሉ። ፓይና በእርሾ የሚሠራ ጥቅልል እጅ እስኪፍታታ ይቆዩ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ልብ በሉ፦ የዚህ ወቅት ምርት ውሃ የበዛበት ነው። ዱባ ከመቶ 90 ያህሉ፣ ፖም ደግሞ 85 ያህሉ ውሃ ነው። የሰመጠ ኬክም ይሁን የረጠበ ፓይ፣ ከታች የምታነቧቸው አብዛኞቹ ችግሮች ዞሮ ዞሮ መነሻቸው ይኸው ውሃ ነው።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን፣ የእንቁላል መምቻ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ 23 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዳቦ ቅርጽ ፓትራ፣ አንድ ክብ ወይም ካሬ ፓትራ፣ ወንፊትና የመጋገሪያ ወረቀት። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ግን በቅድሚያ ለሚዛን ይሁን። ዱቄት በኩባያ ሲለካ ከሰው ሰው ይለያያል። በማንኪያ እየጨመራችሁ አፉን በቢላ ብታስተካክሉት አንድ ኩባያ ወደ 120 ግራም ይሆናል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ ብትዝቁት ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። «እንደተጻፈው ሠራሁት፣ ግን ደረቀብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ግዙ። የቤት ኦቨን ማዞሪያው 180 ዲግሪ ላይ ሆኖ ውስጡ 160 ወይም 200 ሊሆን ይችላል። የኦቨናችሁን ጠባይ አንዴ ካወቃችሁ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል።

ኦቨን የለኝም። በድስት ይሆናል?

ይሆናል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ወፍራም ድስት ያስፈልጋል። ድስቱ ውስጥ የብረት ቀለበት ወይም ትንሽ የሽቦ መደርደሪያ አስቀምጡ፤ ፓትራው የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ ነው። ክዳኑን ገጥማችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል አሙቁት። ከዚያ ፓትራውን አስገቡና እሳቱን ዝቅ አድርጉ። የማይጣበቅ ሽፋን ያለውን ድስት ግን ባዶውን አታሙቁ፤ ሽፋኑ ይበላሻል።

ጊዜው ከኦቨን ይረዝማል። ሙቀቱ በአብዛኛው ከታች ስለሚመጣ ላዩም አይቀላም። ስለዚህ የዱባ ኬክ በድስት ጥሩ ይወጣል፣ ከላይ መንኮሻኮሽ ያለበት ክራምብል ግን አይሆንም። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው እንፋሎት ኬኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ክዳኑን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት። የጨርቁን ጫፎች እሳት እንዳያገኛቸው ወደ ላይ እሰሯቸው።

የትኛው ዱባ ይሻላል? እንዴት አድርጌስ ላዘጋጀው?

ትልቁን ተዉት። ለጌጥ የሚሆነው ግዙፍ ዱባ ሥጋው ውሃማና ክር የበዛበት ነው፤ ጣዕሙም ሳሳ ይላል። ትንሽ ሆኖ ሲያነሱት ከበድ የሚለውን፣ ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነውን ምረጡ። አንገቱ ረዘም ያለውን በተርነት የሚባለውን ዓይነት ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ አትፈልጉ። ሥጋው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጣፋጭና ክር የሌለው ነው።

ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ። የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች ደፍታችሁ በ200 ዲግሪ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ጋግሩት። ቢላ ያለ ትግል ሲገባበት ደርሷል። በውሃ አትቀቅሉት፤ ያለውን ውሃ ለመቀነስ እየለፋን ሌላ መጨመር ይሆናል። ሥጋውን በማንኪያ ፍቃችሁ ፍጩት ወይም በወንፊት አሳልፉት።

አሁን የማይዘለለው ሥራ መጣ። ወንፊት ላይ ስስ ጨርቅ አንጥፋችሁ የተፈጨውን ገልብጡበትና አንድ ሰዓት ያህል ይንጠፍጠፍ። ከሥሩ ቢጫ ውሃ ሲጠራቀም ታያላችሁ። ከቸኮላችሁ ደግሞ ሰፊ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አማስሉት። ማንኪያውን መሃሉ ላይ ስትስቡ የመጥበሻው መቀመጫ ለአፍታ ተገልጦ ከታየ፣ ቀለሙም ጠቆር ካለ፣ በቅቶታል። እንዲህ የጠነከረ ዱባ ጣዕሙ ሌላ ነው። የተረፈውን በየአንድ ኩባያ ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ሦስት ወር ያህል ጣዕሙን ሳይለቅ ይቆያል።

አስተማማኝ የዱባ ኬክ አሠራር አለ?

ይኸው። በአንድ ሳህን 240 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄትና ቆንጠር ያለ ቅርንፉድ ደባልቁ። በሌላ ሳህን 2 እንቁላል፣ 200 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ግራም የተንጠፈጠፈ ዱባና 60 ሚሊ ሊትር ወተት ምቱ። ውሃ አጥፍተን ወተት መጨመራችን ግራ ሊያጋባ ይችላል። የወተቱ መጠን ግን የታወቀ ነው፤ ዱባው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከዱባ ዱባ ይለያያል።

ሁለቱን ቀላቅሉና ዱቄቱ እንደጠፋ እጃችሁን አንሱ። ሊጡ ትንሽ ጓል ቢኖረው ግድ የለም። ብዙ ካማሰላችሁት ግሉተኑ፣ ማለትም ሊጡን የሚያለጥጠው የዱቄቱ ፕሮቲን፣ ይጠነክርና ኬኩ ጎማ ጎማ ይላል። ወረቀት በተነጠፈበት ፓትራ ገልብጣችሁ በ175 ዲግሪ ከ55 እስከ 65 ደቂቃ ጋግሩት። መሃሉ ላይ ስቴኪኒ ስትሰኩ እርጥብ ሊጥ ሳይሆን ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ አውጡት። 10 ደቂቃ ፓትራው ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ። ይኸው ሊጥ 12 ማፊን (ትንንሽ የኩባያ ኬክ) ይወጣዋል፤ ለማፊን 180 ዲግሪና 20 ደቂቃ ያህል በቂ ነው።

በዘይት ፈንታ ቅቤ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን ለዚህ ኬክ ዘይትን እመርጣለሁ። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀር ኬኩ በማግስቱም ለስላሳ ነው።

በዱባ ፈንታ ስኳር ድንች ይሆናል?

በደንብ ይሆናል፤ በተመሳሳይ ክብደት ተኩት። ስኳር ድንች ከዱባ ደረቅ ስለሆነ ማንጠፍጠፍ አያስፈልግም፣ እንዲያውም አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ከነልጣጩ ቀስ ብሎ ኦቨን ውስጥ ይብሰል። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ድንቹ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስታርቹን ማልቶዝ ወደሚባል ስኳር ይቀይረዋል። ልጣጩን ሰንጥቆ እንደ ካራሜል ያለ ፈሳሽ ሲያወጣ የምታዩትም ለዚህ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ በጥድፊያ የበሰለው ያን ያህል አይጣፍጥም።

ቅመሞቹን በምን መጠን ልቀላቅል?

ለመነሻ ያህል 4 እጅ ቀረፋ፣ 2 እጅ ዝንጅብል፣ 1 እጅ ነትሜግ (ገውዝ)፣ ግማሽ እጅ ቅርንፉድ። ቀረፋው ይምራ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይከተሉ። ቅርንፉድ ኃይለኛ ነው፤ ትንሽ ከበዛ አፍ ያደነዝዛል፣ ኬኩም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ሄል ከፒር ጋር እጅግ ይስማማል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ።

ነትሜግን በተቻለ መጠን ሙሉውን ገዝታችሁ በጥሩ መፈቅፈቂያ በፈለጋችሁት ሰዓት ፈቅፍቁት። ተፈጭቶ የቆየው ሽታው ያልቃል። የቅመም ጠረን በአብዛኛው በስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ቅመሙን ሞቅ ባለ ቅቤ ወይም ዘይት ለግማሽ ደቂቃ ብታሹት ጠረኑ ይወጣል።

ለመጋገር የትኛው ፖም ጥሩ ነው?

ጠንከርና ኮምጠጥ ያለው። ጥሬውን ሲነክሱት የሚያስደስት ጣፋጭና ለስላሳ ፖም ኦቨን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ኮምጣጣ ፖም አሲድ ስለሚበዛበት ሥጋውን አያይዞ የሚይዘው ፔክቲን ቶሎ አይሟሟም። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴ ፖም ለዚህ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ገደማ በአውስትራሊያ ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ ሴት እርሻ ላይ በቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው፣ ስሙም ከሳቸው መጣ።

እኔ ሁለት ዓይነት መቀላቀል እወዳለሁ። ጠንካራው ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ለስላሳው ቀልጦ በመሃሉ እንደ መረቅ ይሆናል። አቆራረጡ እኩል ይሁን፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለአብዛኛው ነገር ይስማማል።

የፖም ክራምብል ላዩ ሊጥ ሆኖ ይቀርብኛል። ምን ላድርግ?

ቅቤው ሞቋል፣ ወይም ከበታቹ ያለው ጭማቂ በዝቷል። ለላይኛው 120 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 50 ግራም አጃና ቆንጠር ያለ ጨው ደባልቁ። 100 ግራም ከፍርጅ የወጣ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ቆራርጣችሁ ጨምሩበት። በጣት ጫፍ እሹት፣ በመዳፍ አይደለም፤ መዳፍ ይሞቃል። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እብጥ እብጥ ያለ ፍርፋሪ ሲሆን አቁሙና ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

ከሥር 1 ኪሎ የተላጠና የተቆረጠ ፖም፣ 50 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይሁን። ፍርፋሪውን ሳትጫኑት በትኑበት። በ180 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ጋግሩ። መቅላቱን ብቻ አትዩ፣ ጭማቂውንም እዩት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ቀጭን አረፋ ይፈላል። መሃሉ ላይ ወፍራም አረፋ ቀስ ብሎ መፈንዳት ሲጀምር ስታርቹ በስሏል፣ ያኔ አውጡት።

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ይተካካሉ?

ዝም ብሎ አንዱን በአንዱ ቦታ አይሆንም። ቤኪንግ ሶዳ እንዲሠራ አሲድ ይፈልጋል፦ እርጎ፣ ማር፣ ቡናማ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ። ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን በውስጡ ይዟል። ሶዳው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከጠፋ 3 የሻይ ማንኪያ ፓውደር ይተካዋል። ፓውደር ጠፍቶ ሶዳ ካለ ደግሞ በ1 የሻይ ማንኪያ ፓውደር ፈንታ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር አድርጉ። ሶዳ ከበዛ ኬኩ ይጠቁራል፣ ሳሙና ሳሙናም ይላል።

ሥራ ያቆመ መሆኑን ለማወቅ ፓውደሩን ሙቅ ውሃ ላይ፣ ሶዳውን አቼቶ ላይ በትኑት። ወዲያው ካልተንተከተከ አዲስ ግዙ።

ያለ እንቁላል ወይም ያለ ወተት መጋገር እችላለሁ?

የመኸር ኬኮች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በአንድ እንቁላል ፈንታ 60 ግራም የተፈጨ ዱባ ወይም የተፈጨ የበሰለ ፖም ይሆናል። ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪወፍር 5 ደቂቃ አቆዩት። እኔ ተልባውን እመርጣለሁ፤ ዱባው ላይ ሌላ ዱባ ስንጨምር ኬኩ እየከበደ ይሄዳል። አንድ ሁለት እንቁላል መተካት ቀላል ነው። እንቁላል ተመትቶ በአየሩ ብቻ ለሚነሳ ኬክ ግን ይህ አይሠራም።

ወተትን በማንኛውም የተክል ወተት በእኩል መጠን ተኩት። አሠራሩ አሬራ ካዘዘ አንድ ኩባያ ወተት ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። የአኩሪ አተር ወተትም በሎሚ ይረጋል፤ ሌሎቹ ብዙም አይረጉም፣ አሲዱ ግን ስላለ ሶዳው ይሠራል።

በስኳር ፈንታ ማር ልጠቀም?

ተጠቀሙ፣ ግን አንድ ኩባያ በአንድ ኩባያ አይደለም። ለ1 ኩባያ ስኳር ሦስት አራተኛ ኩባያ ማር ይበቃል። ማር ራሱ ፈሳሽ ነውና ከሌላው ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀንሱ። አሲድም ስላለው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ቶሎ ስለሚቀላ ኦቨኑን በ15 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ላዩ ከሚገባው በላይ ከጠቆረ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ፎይል ጣል አድርጉበት። በማር የተጋገረ ኬክ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም።

ኬኬ ላዩ ቀልቶ መሃሉ ለምን ይሰምጣል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኬኩ አልበሰለም፣ በቃ። ኬክ ሲነሳ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። የእንቁላሉ ፕሮቲንና የዱቄቱ ስታርች እስኪረጉ ድረስ ቅርጹን የሚደግፍ ነገር የለውም። ውሃ የበዛበት ሊጥ መሃሉ ላይ ለመርጋት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ዳሩ ደርሶ፣ ላዩ አምሮ፣ መሃሉ ገና ገንፎ ሊሆን ይችላል። ከኦቨን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ኬኩም አብሮት ይወርዳል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ፈትሹ። ዱባው ተንጠፍጥፏል? ካሮቱ ወይም ፖሙ ተፈቅፍቆ ተጨምቋል? ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቶ ይሆን? ለ120 ግራም ዱቄት ከ1 የሻይ ማንኪያ በላይ ካደረጋችሁ አረፋው ያለ ቅጥ ያድግና ይፈነዳል። ኦቨኑን ቶሎ ከፍታችሁትስ? የመጋገሪያው ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ሳያልፍ በሩን አትክፈቱ። ፓትራው ከታዘዘው ያነሰ ከሆነም ሊጡ ጥልቅ ይሆናል። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ፓትራ ከባለ 23ቱ ጋር ተቀራራቢ ይመስላል፤ ወለሉ ግን በሩብ ያህል ይጠባል።

ስቴኪኒ አንዳንዴ ያታልላል፣ በተለይ ቸኮሌት ላይ ካረፈ። መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉን ለኩት። ከ96 እስከ 99 ዲግሪ ከሆነ ኬኩ በስሏል።

ዋልነቱና ዘቢቡ ሁሉ ከታች ይዘቅጣሉ፤ ለምን?

ሊጡ ቀጥኗል። ዱቄት አንከባሎ መጨመር በጥቂቱ ይረዳል፣ ቀጭን ሊጥ ግን ምንም አይሸከምም። ፍሬውን ጠቅጠቅ አድርጋችሁ አድቅቁት፣ ጥቂቱን ደግሞ ከላይ ለመበተን አስቀሩ። ዋልነቱን አስቀድማችሁ በ175 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቁሉት፤ ካልተቆላ ኬኩ ውስጥ ይለሰልሳል።

ቤቱ ቀዝቅዞ ሊጤ ኩፍ አልል አለ። እርሾው ሞቶ ነው?

ምናልባት አልሞተም፣ በርዶታል። ሊጥ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ቦታ ደስ ይለዋል። ያልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ ሊጡን ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውሃ ጋር አስገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ሰዓት አትቁጠሩ። በዱቄት በታሸ ጣት ጫን ስታደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። ወዲያው ተፈናጥሮ ከተመለሰ ገና ነው። እርሾ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ወተቱ ወይም ውሃው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ 40 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

የቀረፋ ጥቅልል እየሠራችሁ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ቀረፋ ውስጥ ያለው ሲናማልዲሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር እርሾን ያዳክማል። ስለዚህ ቀረፋውን ሊጡ ውስጥ አታብኩት፣ ከቅቤና ከስኳር ጋር ለመሃሉ ይሁን። ቅቤና ስኳር የበዛበት ሊጥም በባህሪው ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አትደንግጡ።

ብርዱን ማሸነፍ ካልቻላችሁ ተጠቀሙበት። ማታ ጠቅልላችሁ ቆርጣችሁ ፓትራ ላይ ደርድሩ፣ ሸፍናችሁ ፍርጅ ውስጥ አሳድሩት። በዝግታ የፈላ ሊጥ ጣዕሙ ይጎለብታል። ሲቆርጡት በቢላ ከመጫን ጠንካራ ንጹህ ክር ከሥሩ አሳልፋችሁ ከላይ አጣምራችሁ ሳቡ፤ ጥቅልሉ ሳይጨፈለቅ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ቅዝቃዜው እስኪለቀው ካቆያችሁ በኋላ በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ ገደማ ጋግሩት።

የጋገርኩትን የት ላስቀምጥ? ስንት ቀንስ ይቆያል?

የዱባና የካሮት ኬክ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣሉ፤ ቅመሙ ይዋሃዳል፣ እርጥበቱ ይዳረሳል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትጠቅልሉት፣ እንፋሎቱ ላዩን ያልመዋል። በደንብ ተጠቅልሎ ከፍርጅ ውጭ 3 ቀን ያህል ይቆያል። ዳቦና ጥቅልልን ፍርጅ ውስጥ አታስቀምጡ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ስታርቹ ቶሎ ይደርቃል። ወይ ውጭ፣ ወይ ፍሪዘር። የዱባ ፓይና የአይብ ክሬም ያለበት ኬክ ግን ተጋግሮ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍርጅ መግባት አለበት፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይበላል።

የፓዬ የታችኛው ሊጥ ረጥቦና ጥሬ ሆኖ ይቀራል። እንዴት ላድርቀው?

የፖሙ ውሃ ሊጡ ሳይበስል እንዳያርሰው አድርጉ። የተቆረጠውን ፖም ከስኳሩና ከቀረፋው ጋር ደባልቃችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት። ስኳሩ ውሃውን ይስበዋል። ጭማቂውን ወንፊት ላይ አጥልላችሁ በትንሽ ድስት እንደ ሽሮፕ እስኪወፍር አፍሉትና መልሳችሁ አፍስሱበት። ጣዕሙ አንድም አልጠፋም፣ ውሃው ግን ሄደ። አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሩበት።

ቀጥሎ ሙቀት ከታች። ባዶ የብረት ትሪ ኦቨኑ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋችሁ 220 ዲግሪ ይጋል። ቀዝቃዛውን ፓይ እዚያ ላይ አሳርፉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ 190 ዝቅ አድርጋችሁ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ጨምሩለት። የብርጭቆ ፓትራ ካላችሁ ከፍ አድርጋችሁ የታችኛውን ቀለም ማየት ስለምትችሉ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ብርጭቆ ግን ከፍርጅ በቀጥታ የጋለ ትሪ ላይ አይቀመጥም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲወጣ ቢያንስ 3 ሰዓት ይቀዝቅዝ። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ሾርባ ያገኛል።

የዱባ ፓይ ለምን ይሰነጠቃል?

እንቁላሉ ከሚገባው በላይ በስሏል። የዱባ ፓይ መሙያ በእንቁላል የረጋ ክሬም ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ፕሮቲኑ ይጨማደዳል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ላዩም ይሰነጠቃል። ዳሩ ረግቶ መሃሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ፓትራውን ስትነቀንቁት እንደ ጄሊ ሲርገበገብ አውጡት። በቀሪው ሙቀት ራሱ ይጨርሳል። ወይም ኦቨኑን አጥፍታችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ እዚያው ይቀዝቅዝ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ያሰነጥቃል። ሊጡን ደግሞ መሙያው ሳይገባ ለብቻው ጋግሩት። ወረቀት አንጥፋችሁ ደረቅ ባቄላ ሙሉበት፣ በ190 ዲግሪ 20 ደቂቃ፤ ባቄላውን አውጥታችሁ ሌላ 10 ደቂቃ።

ቅቤ ማቅላት ምን ጥቅም አለው? በማንኛውም ኬክ ውስጥስ ይገባል?

ለኩኪስ፣ ለፖም ኬክና ለክራምብል ከዚህ የሚበልጥ ጣዕም መጨመሪያ አላውቅም። ጨው የሌለውን የገበታ ቅቤ ነጣ ባለ መጥበሻ አቅልጡ፤ በጥቁር መጥበሻ ቀለሙ አይለይም። መጀመሪያ ውሃው እየተነነ ይንጣጣል። ከዚያ ድምፁ ይቀንሳል፣ አረፋው ይደቃል፣ ከታች ያለው የወተት ዝቃጭ ወርቃማ ይሆናል፣ የተቆላ ዋልነት የመሰለ ጠረን ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት፣ ዝቃጩንም ጭምር። ለ30 ሰከንድ ብትዘናጉ ያራል።

ልብ በሉ፣ ቅቤው ውሃውን አጥቷል። ለ115 ግራም ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ ካልመለሳችሁ ኬኩ ይደርቃል። ቅቤና ስኳር ተመትቶ አየር በሚያዝበት ኬክ ደግሞ መጀመሪያ ፍርጅ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ፈሳሽ ቅቤ አየር አይዝም።

የምኖረው ከፍታ ቦታ ነው። አሠራሩን በትክክል ብከተልም ኬኬ ይነሳና ይወድቃል። ምን ልቀይር?

አብዛኞቹ አሠራሮች የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከ1000 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ሁለት ነገር ይለወጣል። ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነትና በብዛት ይሰፋል፣ ኬኩ ሳይረጋ ያብጥና ይፈርሳል። ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ 2000 ሜትር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩ ከቀረው እርጥበት አንጻር ይበዛል፣ የበዛ ስኳር ደግሞ የኬኩን መርጋት ያዘገያል። በነገራችን ላይ ያ የ96 ዲግሪ ልክ እዚህ አይሠራም። ኬኩ የውሃውን የመፍያ ሙቀት ስለማያልፍ ስቴኪኒውን እመኑ።

በ1500 ሜትር ገደማ ቤኪንግ ፓውደሩንና ሶዳውን በሩብ ቀንሱ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ወደ ግማሽ ጠጉ። ከየኩባያው ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ አንሱ። ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ኦቨኑን በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ፣ ኬኩ ቶሎ እንዲረጋ። ጊዜውን ግን ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተከታተሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀያይሩ፤ መጀመሪያ ፓውደሩን ብቻ ቀንሳችሁ እዩት፣ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻውን ይበቃል። የእርሾ ሊጥም ከፍታ ላይ ይፈጥናል። እጥፍ እንደሆነ ተጭናችሁ አየሩን አውጡና ሁለተኛ ጊዜ ኩፍ እንዲል ተዉት፤ ያለበለዚያ ጣዕሙ ሳይደርስ ሊጡ ይቀድማችኋል።